ለላፕቶፓችሁ ባለ 1 ቴራ ዲስክ ልትገዙ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እዩ

ሲ ድራይቩ ከቀላ ሰንብቷል። ዊንዶውስ አፕዴት ልጫን ሲል ቦታ የለም ይላል። የመመረቂያ ጽሑፉ ግማሹ ፍላሽ ላይ፣ ግማሹ ቴሌግራም ላይ ነው። ስልኩ በቪዲዮ ሞልቶ ወደ ላፕቶፕ እናራግፍ ስንል ላፕቶፑም ሞልቶ ይጠብቀናል። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ እና ሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ ባለ 256 ጂቢ ኤስኤስዲ ይዘው ነው የሚመጡት። እሷ ላይ ዊንዶውስ፣ ኦፊስ እና አንድ ሁለት ከባድ ፕሮግራም ሲጫን የሚተርፈው ቦታ ለአንድ የሠርግ ቀረጻ እንኳ አይበቃም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ ብዙ የሚይዝ፣ ኪስ የማይጎዳ ዲስክ የቱ ነው? መልሱ ግን ሱቅ ሳይሆን ቤት ነው የሚጀምረው፤ ላፕቶፑ ምን እንደሚቀበል ሳያውቁ የሚገዙት ዲስክ ተመልሶ ኪስ ውስጥ ይገባል።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር እንበል። እዚህ የዛሬ የብር ዋጋ አልዘረዘርንም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ዶላሩን ተከትሎ ስለሚሄድ የጻፍነው ቁጥር ቶሎ ያረጃል። ከዋጋ ዝርዝር ይልቅ የሚጠቅማችሁ ማካፈል ነው። የተነገራችሁን ዋጋ ለጂቢው አካፍሉት። ለሂሳቡ ያህል፣ ባለ 500 ጂቢው 6,000 ብር፣ ባለ 1 ቴራው 9,000 ብር ቢባል፣ የመጀመሪያው አንዱን ጂቢ በ12 ብር፣ ሁለተኛው በ9 ብር እየሸጠላችሁ ነው። ብዙ ጊዜ በጣም ትንሹም በጣም ትልቁም ዲስክ በጂቢ ሲሰላ ውድ ነው፤ የሚያዋጣው መሃሉ ላይ ይገኛል። ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ አካፍሉ፣ ከዚያ ተከራከሩ።

ላፕቶፑ ምን ይቀበላል?

ላፕቶፑን ገልብጡና ሞዴሉን ፎቶ አንሱ። ከዚያ የሞዴሉን ስም "ሰርቪስ ማኑዋል" ከሚል ቃል ጋር ጎግል ላይ ፈልጉ። ዴል፣ ኤችፒና ሌኖቮ ለሥራ ላፕቶፖቻቸው የትኛው ብሎን የት እንዳለ ሳይቀር የሚያሳይ መመሪያ በነፃ ያወጣሉ። አሁን ያለውን ዲስክ ለማወቅ ደግሞ ታስክ ማናጀር ከፍታችሁ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ዲስክ የሚለውን ንኩ፤ የዲስኩ ስም ከላይ በቀኝ በኩል ይታያል።

የምታገኙት ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ነው፤ የኪስ ደብተር የሚያህል፣ ሃርድ ዲስክም ኤስኤስዲም በዚሁ ቅርጽ የሚመጣበት። እዚህ ላይ ውፍረቱን አትርሱ። ቀጫጭን ላፕቶፖች 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ የቆዩት 9.5 ያስገባሉ። ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስኮች ከ2 ቴራ በላይ ሲሆኑ 15 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ፤ ኤክስተርናል ሆነው ያገለግላሉ እንጂ ላፕቶፕ ውስጥ አይገቡም።

ሁለተኛው ኤም ዶት ቱ ነው፣ ማስቲካ የመሰለችው። ቁጥሯ መጠኗን ይነግራል፦ 2280 ማለት 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊ ሜትር ርዝመት። 2242 እና 2230 የሚባሉ አጫጭሮችም አሉ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤም ዶት ቱ ቅርጹ ብቻ ነው፤ ውስጡ ሳታም ሊሆን ይችላል፣ ኤንቪኤምኢም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው፣ ግን ሳታ ብቻ የሚቀበል ቦታ ላይ የገባ ኤንቪኤምኢ አይታይም። ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ የተቆረጠ ጥርስ ያለው ሳታ ነው፣ አንድ ቦታ የተቆረጠው ኤንቪኤምኢ ነው። "ብዙ ጊዜ" ያልነው ሁልጊዜ ስላልሆነ ነው፤ የሚያስተማምነው ማኑዋሉ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 የ2.5 ኢንች ቦታም የኤም ዶት ቱ 2280 ቦታም አለው። ይህ ላፕቶፕ ላለው ሰው ወሬው አጭር ነው፤ ዊንዶውስ ያለበትን ኤስኤስዲ ሳይነካ ባዶው ቦታ ላይ ትልቅ ዲስክ መጨመር ይችላል። ቲንክፓድ ቲ450 ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር የሆነ የ2.5 ኢንች ቦታ ነው ያለው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ኤም ዶት ቱ ብቻ ይዘው ከፋብሪካ የወጡ አንዳንድ ላፕቶፖች ባዶው ቦታ እያለ የሳታ ኬብሉና ዲስኩን የሚይዘው ብረት አብሯቸው የለም። ኬብሉን ለብቻው መፈለግ ደግሞ አንዳንዴ ዲስኩን ከመፈለግ ይብሳል።

ሲዲ ማጫወቻ ያለው የቆየ ላፕቶፕ ካላችሁ ማጫወቻውን አውጥታችሁ በቦታው ዲስክ የሚይዝ ካዲ ማስገባት ትችላላችሁ። ካዲው 9.5 ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእናንተን ለክታችሁ ሂዱ።

ምንም የማይጨመርባቸውም አሉ። ርካሾቹ ባለ 32 እና 64 ጂቢ ላፕቶፖች ማኅደራቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። አዳዲስ ማክቡኮችም እንደዚያው ናቸው። ለእነዚህ ያለው አማራጭ ኤክስተርናል ብቻ ነው፤ "እንቀይርላችኋለን" የሚል ካጋጠማችሁ ምን ሊቀይር እንደሆነ በደንብ ጠይቁት።

ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስኤስዲ?

ዊንዶውስ የሚጫንበት ከሆነ ኤስኤስዲ። በዚህ አንከራከርም። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጡ በደቂቃ በአብዛኛው 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ነው፣ መረጃውን የሚያነበው ክንድ ወዲያ ወዲህ መሄድ አለበት። አንድ ትልቅ ፊልም ሲገለብጥ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል፣ ይህ መጥፎ አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ነው የሚጠራው፤ ክንዱ ሲመላለስ እናንተ ቡና አፍልታችሁ ትመለሳላችሁ። የሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም።

ኤንቪኤምኢው ከዚህም ይፈጥናል፤ 3,500 የሚደርሱ፣ አዳዲሶቹ 7,000 የሚያልፉ አሉ። ለቁጥሩ ብላችሁ ግን ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። ላፕቶፑ የቆየ ከሆነ ባለ 7,000ው ይሠራል፣ ግን በላፕቶፑ አቅም ልክ ነው የሚሄደው። ዎርድ ለሚጽፍ፣ ፊልም ለሚያይ፣ ፎቶ ለሚያስተካክል ሰው በሳታ ኤስኤስዲና በኤንቪኤምኢ መካከል የሚሰማው ልዩነት ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲዘል ከሚሰማው ጋር አይወዳደርም።

ለማከማቻ ብቻ ከሆነስ? ፊልም፣ ያለቀ የቀረጻ ሥራ፣ የድሮ ፎቶ፣ ኮርስ፤ እዚህ ሃርድ ዲስክ አሁንም በጂቢ ሲሰላ ርካሽ ነው። እኛ የምንለው፣ ኤስኤስዲው ከሃርድ ዲስኩ እጥፍ ዋጋ በታች ከሆነ ኤስኤስዲውን ውሰዱ፣ ከዚያ ካለፈ ትንሽ ኤስኤስዲ ለዊንዶውስ፣ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ለዕቃ ይሁን። አሁን የሚሸጡ ባለ 1 ቴራና ባለ 2 ቴራ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስኮች አብዛኞቹ መረጃውን እንደ ጣሪያ ሸክላ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ የሚጽፉ ናቸው። ስለዚህ ብዙ ፋይል በተከታታይ ሲጻፍባቸው ወይም እየተሰረዘ ሲጻፍ ይዘገያሉ። አንዴ አስቀምጦ ለማንበብ ጥሩ ናቸው፣ ዊንዶውስ ለመጫን ግን ሌላ ምክንያት አያስፈልግም፤ ተዉት።

ርካሽ ኤስኤስዲም የራሱ ተንኮል አለው። በአንድ ሴል ውስጥ 3 ቢት የሚያስቀምጠው ቲኤልሲ ይባላል፣ 4 ቢት የሚያጭቀው ኪውኤልሲ። ኪውኤልሲው ይረክሳል፣ ግን ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ፈጣኗ ክፍሉ ስትሞላ ፍጥነቱ ይወርዳል። ሳምሰንግ ራሱ በ870 ኪውቪኦ መግለጫው ላይ ጽፎታል፦ ባለ 1 ቴራው መጀመሪያ 42 ጂቢ ያህሉን በሙሉ ፍጥነት ይጽፋል፣ ከዚያ በሰከንድ ወደ 80 ሜጋባይት ይወርዳል። ከሃርድ ዲስክ በታች ማለት ነው! ፊልም ለሚያከማች ሰው ይህ ምንም አይደለም። በየቀኑ 100 ጂቢ ቀረጻ ለሚያራግፍ ቪዲዮ አንሺ ግን ብዙ ነው።

"ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል" የሚለው ወሬስ? ካርቶኑ ወይም ድረ ገጹ ላይ ቲቢደብልዩ የሚል ቁጥር አለ፤ በዋስትናው ውስጥ ስንት ቴራ ሊጻፍበት እንደሚችል ነው። ክሩሻል ቢኤክስ500 ባለ 1 ቴራው 360 ነው፣ ሳምሰንግ 870 ኢቮ ባለ 1 ቴራው 600። በቀን 30 ጂቢ ብትጽፉ፣ ይህም ለአብዛኛው ሰው ብዙ ነው፣ 360ው ለ12,000 ቀን ይበቃል። ከ32 ዓመት በላይ ነው። ላፕቶፑ ቀድሞ ያረጃል።

አንድ ቴራ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጂቢ ብቻ ካሳያችሁ ባለ ሱቁን አትጣሉት። አምራቹ የሚቆጥረው በ1,000 ነው፣ ዊንዶውስ በ1,024። ባለ 500ው 465፣ ባለ 2 ቴራው 1.81 ቴራ ሆኖ ይታያል። ደህና ነው።

"16 ቴራ" የተባለው ዲስክ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፣ ብር የሚበላውም ፋይል የሚበላውም ይህ ነው። በኦንላይን ገበያና በቴሌግራም ቻናሎች ላይ "16 ቴራ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ" ተብሎ በአንድ ጥሩ ፍላሽ ዋጋ የሚለጠፍ ነገር አለ። ለማነጻጸር፣ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ቲ5 ኢቮ ትልቁ መጠኑ 8 ቴራ ነው፣ ያውም ሲወጣ ከ600 ዶላር በላይ። ዓለም ላይ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች በዚህ ዋጋ የሚሸጡትን፣ ስም የሌለው ድርጅት እጥፉን በሃያ ዶላር ከየት ያመጣዋል?

እነዚህ ዕቃዎች ሲከፈቱ ውስጣቸው ብዙ ጊዜ ተራ ሜሞሪ ካርድና ካርድ አንባቢ ነው የሚገኘው። ክብደት እንዲኖራቸው ብሎን የተጣበቀባቸውም ታይተዋል። ማታለያው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የዲስኩን ሥራ የሚቆጣጠረው ቺፕ ለኮምፒውተሩ የሐሰት መጠን እንዲናገር ተደርጎ ፕሮግራም ይደረጋል። ዊንዶውስ ያመነዋል፣ "16 ቴራ" ብሎ ይጽፋል። እናንተም ትገለብጣላችሁ። መጀመሪያ ያለችው እውነተኛ 64 ጂቢ እስክትሞላ ሁሉም ነገር ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ የቀድሞውን ያጠፋል ወይ የትም አይደርስም። የፋይሉ ስም አለ፣ መጠኑ አለ፣ ስትከፍቱት አይከፈትም። ስህተት የሚል መልእክት እንኳ አይመጣም። ሰው የሚያውቀው ከወር በኋላ ነው፤ ስልኩን ባዶ አድርጎ፣ የላፕቶፑን ሰርዞ፣ ፎቶዎቹን ሲፈልግ።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ አንድ ፊልም ገልብጦ "ይሠራል" ማለት ፈተና አይደለም፤ ፎርጅዱም ይህን ያልፋል። ትክክለኛው ፈተና ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው። ለዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ ስሪ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ባዶ ዲስክ ላይ ታስነሱታላችሁ፣ ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያነባል፣ በመጨረሻ ስንቱ ደህና፣ ስንቱ የጠፋ እንደሆነ ይነግራችኋል። ጊዜ ይወስዳል። በሰከንድ 100 ሜጋባይት ለሚሄድ ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ መጻፉ ብቻ አምስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ማንበቡም ያንኑ ያህል። ማታ አስነስታችሁ ተኙ፤ ቻርጀሩን ሰኩ፣ ላፕቶፑ ስሊፕ እንዳይገባ አድርጉ።

ይህ ማለት ከባለ ሱቁ ጋር ከመክፈላችሁ በፊት መነጋገር አለባችሁ። "ሁለት ቀን ፈትኜ መጠኑ ካልሞላ እመልሳለሁ" በሉት፣ ደረሰኙ ላይ የዲስኩ ሴሪያል ቁጥር እንዲጻፍና ማኅተም እንዲደረግበት ጠይቁ። ዕቃውን የሚያምንበት ሰው አይከፋውም። ሲጌትና ዌስተርን ዲጂታል ደግሞ ሴሪያል ቁጥር ሲገባ ዋስትናው እስከ መቼ እንደሆነ የሚያሳይ ገጽ አላቸው፤ እዚያው ሱቅ ቆማችሁ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። የሳምሰንግ ኤስኤስዲ ከሆነ ማጂሺያን የሚለውን የራሱን ፕሮግራም ጭናችሁ ያውቀው እንደሆነ እዩ።

ያገለገለ ዲስክ

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም፣ በተለይ ኤስኤስዲ። ግን ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሳይከፈት ብር እንዳይወጣ። ይህ ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን ያወጣል። ኤስኤስዲ ላይ የጤና ፐርሰንቱን እዩ፤ ከ90 በላይ ከሆነ ብዙ አልተጻፈበትም። ሃርድ ዲስክ ላይ የሠራባቸውን ሰዓታት እዩ፤ አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው፣ 20,000 የሚል ካያችሁ ሌት ተቀን ከሁለት ዓመት በላይ የሠራ ነው። "ሪአሎኬትድ ሴክተርስ" ወይም "ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር" የሚለው መስመር ከዜሮ ውጪ ሆኖ ቢጫ ከበራ፣ የፈለገ ቢረክስ አትንኩት።

ቆጣሪውም ይታለላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አውሮፓ ውስጥ በሺህ ሰዓታት የሚቆጠር ሥራ የሠሩ የሲጌት ሃርድ ዲስኮች ቆጣሪያቸው ዜሮ ተደርጎ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። "አዲስ ነው" የተባለ ዲስክ ጠርዙ የተፋተገ፣ የብሎን ቀዳዳው የተጫረ ከሆነ ቁጥሩን ሳይሆን ዓይናችሁን እመኑ።

ኤክስተርናል ገዝቶ ኬዙን ሰብሮ ላፕቶፕ ውስጥ ማስገባት የሚባል ብልሃትም አለ፣ አንዳንዴ ኤክስተርናሉ ስለሚረክስ። የዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርት ላይ ይህን አትሞክሩ፤ የዩኤስቢ ሶኬቱ ራሱ የዲስኩ ቦርድ ላይ ነው የተበየደው፣ ሳታ የሚባል ነገር የለውም።

ከገዛችሁ በኋላ

ዊንዶውሱን ከነፕሮግራሙ ወደ አዲሱ ለማዛወር ክሎንዚላ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ አንድ የሳታ ወይም የኤም ዶት ቱ ወደ ዩኤስቢ አዳፕተር ያስፈልጋችኋል። ከመጀመራችሁ በፊት ቢትሎከር በርቶ እንደሆነ እዩና የሪከቨሪ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉ። ዊንዶውስ 11 ላይ ሳታውቁት በርቶ ሊሆን ይችላል፣ ቁልፉ ከሌለ ደግሞ ፋይሉን የሚያወጣ ቴክኒሻን የለም። ፎርማት አድርጋችሁ ከአዲስ ብትጭኑም የዊንዶውሱ ፈቃድ በአብዛኛው ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲስክ መቀየር አያሳጣችሁም።

ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ በቀጥታ ከሶኬት የምትሠሩ ከሆነ ተጠንቀቁ። መብራት እልም ሲል ዲስኩ እየጻፈ የነበረውን ፋይል ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሃርድ ዲስክ ሲሆን ደግሞ ድንገተኛው መቆም ራሱ አይወደድለትም። ትልቅ ዲስክ ከመግዛት በፊት ባትሪ መቀየር የሚቀድምባቸው ላፕቶፖች አሉ።

የወጣው የድሮ ዲስክ አይጣል። ኬዝ ገዝታችሁ ኤክስተርናል አድርጉትና የማይተኩትን ብቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የቤተሰብ ፎቶውን፣ ዶክመንቶችን፣ ሁለተኛ ቅጂ አኑሩበት። ኤስኤስዲ ከሞተ፣ ወይም ከተሰረዘበት፣ መረጃ ማውጣቱ ከሃርድ ዲስክ በጣም ይከብዳል። ኬዙ ሲገዛ ዩኤስቢ 3 መሆኑን እዩ፦ ሶኬቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። በዩኤስቢ 2 በኩል 100 ጂቢ መገልበጥ ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ በዩኤስቢ 3 ደግሞ ኤስኤስዲ ከሆነ አራት አምስት ደቂቃ።

ከስልክ ጋር ልታገናኙት ካሰባችሁ ፎርማቱን ኤክስፋት አድርጉት። ኤንቲኤፍኤስን ብዙ አንድሮይድ ስልኮች አያነቡትም፣ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጂቢ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤስኤስዲ በኦቲጂ ገመድ ስልኩ ላይ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይነሳል። ሃርድ ዲስክ ግን ለመሽከርከር ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ አንዳንድ ስልክ ላይ ቲክ ቲክ እያለ ሳይነሳ ይቀራል፤ ያኔ ዲስኩ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደነግጡ፣ የራሱ ኃይል ባለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ወይም ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት።